ትርጓሜ የሌለው ቁጥር

የክፍያ ማረጋገጫ ቁጥሮች በቦንጋና በከፋ ዞን ሰው ላይ ስለሚጥሉት ሸክም

ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል አራት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በሚደረስባት በቦንጋ ከተማ፣ ቡናውን ለማኅበሩ ያስረከበ ገበሬ፣ ማሩን አውጥቶ የሸጠ ንብ አርቢ፣ የወር ደመወዙን በባንክ የሚቀበል መምህር፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ የወጣ ተማሪና ነዳጅ ለመቅዳት ከማደያው የተሰለፈ ሹፌር፣ ኑሯቸውም ዕውቀታቸውም የተለያየ ቢሆን፣ ዛሬ ሁሉንም እኩል የሚያቆማቸው አንድ ደጃፍ አለ፤ ይኸውም በእጅ ስልካቸው ላይ ብቅ ብሎ «ኮድ ያስገቡ» የሚላቸው ባዶ ሳጥን ነው። ሳጥኑ የሚፈልገው ራሳቸው የመረጡትን የሚስጥር ቁጥር ይሁን፣ አሁን በመልእክት የደረሳቸውን ይሁን፣ በካርዳቸው ጀርባ የታተመውን ይሁን ወይስ በደረሰኙ ላይ ያለውን፣ ቅጹ ብዙ ጊዜ አይናገርም፤ ባለገንዘቡም የሚያውቀውን ቁጥር ሁሉ እያፈራረቀ ሲሞክር፣ ሊሰውረው የሚገባውን ይገልጣል፣ ሊያሳየው የሚገባውን ደግሞ ይሰውራል።

ይህን ግራ መጋባት ብዙ ሰዎች የትምህርት ማነስ የወለደው አድርገው ያዩታል፤ መድኃኒቱም ሕዝቡን ማስተማር ብቻ እንደ ሆነ ይናገራሉ። ትምህርት መልካም መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን ነገሩን ቀረብ ብሎ ለመረመረ ሰው፣ ሕመሙ ከአንባቢው ዓይን ይልቅ በተጻፈው ቅጽ ላይ መሆኑ ይገለጥለታል። ምሥጢር ጠብቅ ተብሎ የታዘዘ ሰው፣ የሚጠብቀው ነገር የየትኛው ደጅ መክፈቻ እንደ ሆነ፣ ለማን ሊሰጠውና ከማን ሊሰውረው እንደሚገባ አስቀድሞ ካልተነገረው፣ ታማኝነቱ ምንም ያህል ቢጸና ጠባቂ ሊሆን አይቻለውም፤ ስለዚህ ቁጥሩን የሚልክ ድርጅት የቁጥሩን ዓላማ ከቁጥሩ ጋር አብሮ የመላክ ግዴታ አለበት የሚለው የዚህ ሐተታ ዋና ቃል ነው።

አገሩ ወደዚህ የደረሰበት መንገድ አጭር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ የተጠቃሚው ቁጥር እየበዛ ሄዶ፣ በ2017 የበጀት ዓመት መጨረሻ ከ50 ሚሊዮን በላይ መድረሱን ድርጅቱ አስታውቋል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሲቢኢ ብርና በሞባይል ባንኪንግ፣ ሳፋሪኮምም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባመጣው ኤምፔሳ በዚያው መንገድ ተሰልፈዋል። በዚሁ በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ግብይት በመጀመሪያ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በክልሎች በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲፈጸም ሲደነገግ፣ በስልክ መክፈል የወደደ ብቻ የሚመርጠው ነገር መሆኑ ቀርቶ መኪና ለያዘ ሁሉ ግዴታ ሆነ። ቦንጋም ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፣ ጉዳይ ለማስፈጸም ከየወረዳው የሚመጣው ሰው ስለ በዛ፣ ከዴቻና ከጨና፣ ከጌሻና ከአዲዮ የመጣ ባለጉዳይ ክፍያውን በስልክ እንዲፈጽም ሲጠየቅ ማየት የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል።

እንግዲህ ኮድ በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ቁጥሮች በባሕርያቸው ቢያንስ ስድስት መሆናቸውን፣ አንዱም ከሌላው ፈጽሞ የተለየ ሥራ እንዳለው ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ባለቤቱ ራሱ መርጦ በልቡ የሚይዘው የሚስጥር ቁጥር፣ በተለምዶ ፒን የሚባለው ነው፤ ይህ በ*127# ቢሆን፣ በ*847# ቢሆን፣ በ*889# ወይም በስልክ መተግበሪያ ቢሆን፣ በባለቤቱ ጣት በባለቤቱ ስልክ ላይ ብቻ የሚጻፍ፣ ለባንክ ሠራተኛም ለወኪልም ለልጅም የማይነገር ነው። ሁለተኛው ለአንድ ጊዜ ብቻ እንዲያገለግል በአጭር መልእክት የሚላከው፣ ኦቲፒ የሚሉት ሲሆን፣ የሚመሰክረውም የተመዘገበው ሲም ካርድ በዚህች ሰዓት በባለቤቱ እጅ መኖሩን ነው። ባለስድስት አኃዝ ከሆነ አንድ ሚሊዮን ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ለኮምፒውተር አንድ ሚሊዮን ብዙ ስላልሆነ፣ ጥበቃው የሚገኘው ከአኃዙ ብዛት ይልቅ ከዕድሜው ማጠርና ከሚፈቀደው ሙከራ ማነስ ነው።

ሦስተኛው በዓለም አቀፍ የክፍያ ካርዶች ላይ የታተመው የደኅንነት ቁጥር ነው። ማስተርካርድ እ.ኤ.አ. በ1997 በካርዶቹ ላይ ማተም የጀመረው፣ ሌሎችም የተከተሉት ይህ ቁጥር በቪዛና በማስተርካርድ ጀርባ ሦስት አኃዝ፣ በአሜሪካን ኤክስፕረስ ፊት ለፊት ደግሞ አራት አኃዝ ሆኖ ይገኛል። ካርዱን የሰጠው ባንክ የካርዱን ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን በራሱ ምሥጢራዊ ቀመር አስልቶ የሚያወጣው ሲሆን፣ በካርዱ ማግኔታዊ መስመር ውስጥ ስለማይገኝ፣ መስመሩን በስርቆት የገለበጠ ሌባ ይህን አያገኘውም፤ የካርድ ኢንዱስትሪው ደንብም ነጋዴው ክፍያው ከተፈቀደ በኋላ ቁጥሩን በመዝገቡ እንዳያስቀምጥ ይከለክላል። ከውጭ አገር የፈተና ወይም የትምህርት ማመልከቻ ክፍያ የሚፈጽም ተማሪ «የደኅንነት ኮድ» የሚል ሳጥን ባየ ጊዜ፣ ኤቲኤም ላይ የሚጽፈውን ባለአራት አኃዝ የሚስጥር ቁጥር ቢጽፍበት ሊደንቀን አይገባም፤ ሳጥኑ የትኛውን እንደሚፈልግ አልነገረውምና፤ ግን በዚያች ቅጽበት ለማንም ሊገለጥ የማይገባውን ቁጥር ለማያውቀው ድረ ገጽ አስረክቧል።

አራተኛው የክፍያ ማስረጃ ቁጥር ነው፤ በቴሌብር መልእክት ላይ ፊደልና አኃዝ ተደባልቆ የሚወጣው፣ በንግድ ባንክ ደረሰኝ ላይም በኤፍቲ የሚጀምረው የግብይት መለያ ከዚህ ወገን ነው። ይህ ከመጀመሪያዎቹ በተቃራኒ ለመታየት የተፈጠረ ነው፤ ሻጩ ገንዘቡ መግባቱን የሚያጣራው፣ መሥሪያ ቤቱም ክፍያውን ከማመልከቻው ጋር የሚያገናኘው በእርሱ ነውና። አምስተኛው ካፕቻ የሚባለው፣ የተጣመሙና የተደባለቁ ፊደሎችን አሳይቶ ጻፉ የሚለው ሲሆን፣ ስሙን እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ሉዊስ ፎን አን፣ ማኑኤል ብሉም፣ ኒኮላስ ሆፐርና ጆን ላንግፎርድ ናቸው፤ ሥራውም ከቅጹ ፊት ያለው ሰው እንጂ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለመሆኑን መፈተን ብቻ ስለሆነ፣ ከባለገንዘቡ ማንነትም ከገንዘቡም ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ስድስተኛው በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ባለ12 አኃዝ ቁጥር ነው፤ እርሱም ሰውየውን ከሌላው ለይቶ የሚያመለክት ሲሆን፣ የባለቤትነቱ ማረጋገጫ ደግሞ በተመዘገበው ስልክ የሚላክ ሌላ የአንድ ጊዜ ቁጥር ነው።

የመጀመሪያው ከልብ የማይወጣ፣ ሁለተኛው አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚሞት፣ ሦስተኛው ለሚከፈለው ነጋዴ ብቻ የሚገለጥ፣ አራተኛው በግልጥ የሚታይ፣ አምስተኛው ባለቤት የሌለው፣ ስድስተኛው ሕግ በሚያዝበት ስፍራ የሚቀርብ ሆኖ ሳለ፣ ስድስቱን ሁሉ ያለ ልዩነት «ኮድ» ብሎ መጥራት፣ መርዙንና መድኃኒቱን ያለ ምልክት በአንድ ዓይነት ብልቃጥ እንደ ማስቀመጥ ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብ ቤትና ትርጓሜ ቤት ተለይተው የኖሩት፣ ፊደሉን አጥርቶ የሚያነብ ሰው ምሥጢሩን አወቀ ስለማይባል ነው፤ ሊቃውንቱም ንባቡን ለተማሪው ሰጥተው ትርጓሜውን ራስህ ፈልገህ አግኝ ብለው አላሰናበቱትም። ዛሬ ባንኩና የቴሌኮም ድርጅቱ የሚልኩልን ንባብ ብቻ ነው፤ ስድስት አኃዝ ይደርሰናል፣ እናነበዋለን፣ ትርጓሜው ግን የለም።

ገንዘብን ማረጋገጥ ለከፋ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ቦንጋ በ19ኛው መቶ ዘመን ከታወቁት የደቡብ ምዕራብ የንግድ ስፍራዎች አንዷ ሆና ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ሲገበይባት፣ መገበያያው አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር ነበረ። ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ ዘመኑ 1780 ተብሎ የተቀረጸበት፣ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም በልዩ ልዩ አገሮች በዚያው መልክና በዚያው ዘመን ሲታተም የኖረ በመሆኑ፣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት የነጋዴ ሁሉ ተግባር ነበር። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ነጋዴ ብሩን አገላብጦ በንግሥቲቱ ጌጦች ላይ ያሉት ዕንቁዎች ሳይፈገፈጉ ጥርት ብለው መታየታቸውን፣ ከምስሏ በታችም ኤስ እና ኤፍ የተባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት መኖራቸውን ሳያይ አይቀበልም ነበር፤ ላቲን የማያነብ ሰው እንኳ የእነዚያን ምልክቶች መልክ በዓይኑ ያውቀው ነበርና። መንግሥት በ1937 ዓ.ም. የራሱን አዲስ ገንዘብ አውጥቶ ጠገራውን ከገበያ እስካስወጣው ድረስ፣ ይህ የማረጋገጫ ሥርዓት ያለ መጽሐፍና ያለ አስተማሪ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ኖሯል።

ያ ሥርዓት የጸናበት ምክንያት፣ ምልክቱ ምን እንደሚመሰክር ሰው ሁሉ ያውቅ ስለ ነበረ ነው፤ ዕንቁው መታየቱ የብሩን ጥራት ይመሰክራል፣ ከዚህ ሌላ አንዳች ትርጉም የለውም፤ ምልክቱን ማወቅም የማንንም ገንዘብ ለመስረቅ አያስችልም። የዛሬው ማረጋገጫ ግን ኃይሉን የሚያገኘው ከመሰወሩ ስለሆነ፣ ማን እንደሚያየውና ለምን እንደሚያየው ማወቅ ከጠገራው ዘመን እጅግ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የጠገራው ነጋዴ ግን የሚያረጋግጠውን ያውቅ ነበር፣ የዛሬው ከፋይ አያውቅም። አባቶቻችን የማያነቡትን ፊደል በትክክል ሲያረጋግጡ ኖረው ሳለ፣ የተማሩ ልጆቻቸው የሚያነቡትን አኃዝ ሲስቱ ስናይ፣ የጎደለው የማንበብ ችሎታ አለመሆኑን ማመን ይገባናል።

በከፋ ምድር ላይ ይህን ችግር የሚያብሱት ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንደኛው የመልእክቱ መዘግየት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው የከፋ ደን፣ ለአገሩ ክብርና ለዓለም ሀብት የሆነውን ያህል፣ ተራራውና ሸለቆው ለስልክ ሞገድ አስቸጋሪ ነው፤ መብራት በጠፋ ጊዜም ኔትወርኩ ይደክማል። ከሸለቆው ውስጥ ሆኖ የሚከፍል ሰው ቁጥሩን ጠይቆ ሲዘገይበት ሁለተኛ ይጠይቃል፤ በብዙ ሥርዓቶች ዘንድ ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን ቁጥር ወዲያው ይሽረዋል፤ ይሁን እንጂ የተሻረው ቀድሞ ይደርስና ሰውየው እርሱን ይጽፋል፣ ሥርዓቱም «ስህተት ነው» ይለዋል፤ ሦስተኛ ይጠይቃል፣ በዚህ መካከል ሁለተኛው ይደርሳል፣ እርሱም ተሽሯል። ሙከራው ካለቀ በኋላ አገልግሎቱ ሲታገድበት፣ ለማስከፈት ወደ ወረዳው ከተማ ወይም ወደ ቦንጋ መሄድ ግድ ይሆንበታል፤ የትራንስፖርቱና የሥራ ቀኑ ኪሳራም በእርሱ ላይ ይወድቃል፤ አንዳች ስህተት ግን አልሠራም፤ የታዘዘውን ሁሉ በታዘዘው መሠረት ፈጽሟል።

ሁለተኛው የፊደሉ ጉዳይ ነው። የግብይት መለያው የላቲን ፊደልና አኃዝ ሲደባለቅበት፣ ዜሮን ከኦ፣ አንድን ከአይና ከኤል መለየት በላቲን ፊደል ላደገ ሰው እንኳ አስቸጋሪ ነው፤ በግእዝ ፊደል ማንበብ ለተማረ ሰው፣ ያም በትንሽ መስታወት ላይ በደበዘዘ ብርሃን ሲሆን፣ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። ይህ ግን የማይፈታ እንቆቅልሽ አይደለም፤ አሜሪካዊው የፕሮግራም ሊቅ ዳግላስ ክሮክፎርድ ባዘጋጀው የፊደል ሥርዓት አይ፣ ኤል፣ ኦ እና ዩ የተባሉት ከመጀመሪያው እንዲቀሩ ተደርጓል፤ ሰው ቢሳሳት እንኳ አንባቢው ፕሮግራም ኦን እንደ ዜሮ፣ አይንና ኤልን እንደ አንድ አድርጎ ይቀበለዋል። ሰውን ከማረም ይልቅ ቁጥሩን ሰው በማይሳሳትበት መልክ መቅረጽ ይቻላል ማለት ነው፤ ረጅሙን ቁጥር በሦስት በሦስት ከፍሎ ማሳየትም ከዚሁ የሚቆጠር፣ ወጪ የማይጠይቅ ደግነት ነው።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን የሚመጣው በአታላይ በኩል ነው። አታላዩ አስቀድሞ የሰውየውን ስልክ ቁጥር በራሱ ስልክ ባለው መተግበሪያ ውስጥ ያስገባል፤ ባንኩ ወይም የገንዘብ ዝውውር ድርጅቱም እንደ ሥርዓቱ የማረጋገጫ ቁጥር ለእውነተኛው ባለቤት ይልካል፤ አታላዩ በዚያች ደቂቃ ይደውልና «ጋሼ፣ ከባንክ ነው የምደውልልዎ፤ ሒሳብዎ እንዳይዘጋ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላል። ሰውየው ስልኩን ሲመለከት መልእክቱ በእርግጥ ከባንኩ የመጣ ነው፤ የላኪው ስም ትክክል ነው፣ ሰዓቱም ደዋዩ ከተናገረው ጋር ይገጥማል፤ እንግዲህ ለምን ይጠራጠር? የተታለለው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ እውነተኛው መልእክት ራሱ ስለ ዓላማው ዝም ብሎ ለሐሰተኛው ደዋይ ትርጓሜውን የመስጠት ዕድል ስለ ለቀቀለት ነው። መልእክቱ «ሒሳብዎ በሌላ ስልክ ላይ ሊከፈት ነው» የሚል ቃል ቢጨመርበት፣ አታላዩ የሚናገረው ሁሉ በዚያ አንድ ቃል ይፈርስ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 እንዲህ ያለውን ማታለል ይቀጣል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰው መረጃ በዘፈቀደ እንዳይያዝ ሥርዓት አበጅቷል። ነገር ግን ቅጣት የሚመጣው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው፤ የቡና ሽያጩን ገንዘብ በአንድ የስልክ ጥሪ ያጣ ገበሬ፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪና የክረምቱን ቀለብ አብሮ ያጣ ስለሆነ፣ ወንጀለኛው ከጥቂት ወራት በኋላ ቢያዝ እንኳ ያ ዓመት አይመለስለትም።

የኑሯችንን ሁኔታም መርሳት አይገባም። ቅጹን የሠሩት ሰዎች አንድ ሰው፣ አንድ ስልክና አንድ አንባቢ ብቻ እንዳለ አድርገው አስበዋል፤ በከፋ መንደር ግን አንዱ ስልክ ለቤተሰቡ ሁሉ ያገለግላል፤ ዓይናቸው የደከመ እናት መልእክቱን የሚያስነብቡት የእኅታቸውን ልጅ ነው፤ አማርኛ አጥርተው የማይሰሙ፣ በካፊኖኖ ብቻ የሚነጋገሩ አባትም የሚተማመኑት በጎረቤት ወይም በወኪሉ ልጅ ነው። «ለማንም አትንገሩ» የሚለው ትእዛዝ ለእነዚህ ሰዎች ሊፈጽሙት የማይቻላቸው ቀንበር ነው፤ ሳይነግሩ መክፈል አይችሉምና። እንዲህ ያለው መተማመን የማኅበራችን ጌጥ እንጂ ነውር አይደለም፤ ሥርዓቱ ሊጠብቀው ሲገባ ወደ አደጋ መግቢያ መለወጡ ግን ልብን ያሳዝናል።

የገንዘብ ተቋማቱ ለዚህ ሁሉ የሚሰጡት መልስ ይታወቃል፤ ደንበኞቻችንን ደጋግመን አስጠንቅቀናል፣ የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ ብለናል ይላሉ። ማስጠንቀቃቸው እውነት ነው፣ ሊመሰገኑበትም ይገባል። ነገር ግን ያው ተቋም በማስታወቂያው ቁጥሩን ለማንም አትስጡ ብሎ በቅጹ ደግሞ ቁጥሩን ስጡ ሲል፣ የትኛውን ቁጥር ለማን ማለቱን እስካልለየ ድረስ ሁለቱ ትእዛዛት ይጋጫሉ፤ ታዛዡም አንዱን ለመፈጸም ሌላውን መተው ግድ ይሆንበታል። በተጨማሪም መልእክቱን ማስረዘም ወጪ ያበዛል የሚል ምክንያት ይቀርብ ይሆናል፤ ይህ ከነገሩ ጠባይ የሚነሣ እውነተኛ ምክንያት ስለሆነ፣ በቁም ነገር ሊመዘን ይገባዋል።

አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ምልክት ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ለሁለት ተከፍሎ የሁለት መልእክት ዋጋ ይከፈልበታል። መልእክቶች በእንግሊዝኛ ወይም በቁጥር ብቻ እንዲላኩ ከሚገፋፉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ነገር ግን 70 ምልክት ለእውነት አይጠብም። ለምሳሌ እንዲህ የሚል መልእክት ቢላክ፦ «500 ብር ለመጽሐፍ መደብር። ቁጥር 482913። ያላዘዙት ከሆነ አያስገቡ፤ ለማንም አይንገሩ።» ፊደሉም ክፍተቱም ነጥቡም ተቆጥሮ 60 አይሞላም፤ በአንድ መልእክት ዋጋም መጠኑን፣ ተከፋዩን፣ ቁጥሩንና ማስጠንቀቂያውን አጠቃሎ ይዟል። ይህን መልእክት የሚያነብ ሰው፣ ደዋዩ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው ቢለው፣ እጁ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን 500 ብር ሊከፈል ነው ስለሚለው፣ ውሸቱን ያለ አስተማሪ ይለየዋል።

ይህ ሐሳብ እኛ ብቻ የምንመኘው አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከሴፕቴምበር 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የክፍያ ደንብ፣ በርቀት ለሚፈጸም ክፍያ የሚሰጠው ማረጋገጫ ከክፍያው መጠንና ከተከፋዩ ጋር የተሳሰረ እንዲሆን፣ ከፋዩም መጠኑንና ተከፋዩን እንዲያውቅ አስገድዷል፤ መጠኑ ወይም ተከፋዩ ከተለወጠ ማረጋገጫው ዋጋ ያጣል። በኅብረቱ አገሮች ይህ ነገር ለባንኩ በጎ ፈቃድ የተተወ ሳይሆን የሕግ ግዴታ ነው። በሌላ በኩል የበለጸጉት አገሮች ከመልእክት ቁጥር ወደ ጣት አሻራና በስልኩ ውስጥ ወደሚቀመጥ ቁልፍ እየተሻገሩ ነው፤ ይሁን እንጂ በእጁ ባለ ቁልፍ ስልክ ለያዘው የከፋ ገበሬ ይህ ገና የሩቅ ነገር ስለሆነ፣ እስከዚያው ድረስ የሚላክለት ቁጥር ትርጓሜውን ይዞ እንዲመጣ የመጠየቅ መብት አለው።

ይህን ለመፈጸም አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክን የክፍያ ሥርዓት ተቆጣጣሪ አድርጎታል፤ ባንኩም እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል። በዚህ ሥልጣን ብሔራዊ ባንኩ ለሁሉም ባንኮችና የገንዘብ ዝውውር ድርጅቶች አራት ነገሮችን ሊያዝ ይገባዋል፤ አንደኛ፣ ማናቸውም የክፍያ ማረጋገጫ መልእክት ዓላማውን፣ መጠኑንና ተከፋዩን ደንበኛው በመረጠው ቋንቋ እንዲናገር፤ ሁለተኛ፣ ማናቸውም ቅጽ የሚፈልገውን ቁጥር በስሙ ለይቶ፣ ከየት እንደሚገኝና ስንት አኃዝ እንዳለው ከሳጥኑ አጠገብ እንዲጽፍ፤ ሦስተኛ፣ ደጋግሞ ለጠየቀ ሰው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ያው ቁጥር እንዲላክ፣ ካልሆነም የትኛው መልእክት እንደ ጸና በተራ ቁጥር እንዲለይ፤ አራተኛ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው መልእክቱ በድምፅ እንዲነበብ።

ለከፋ ደግሞ ልዩ ዕድል አለ። ካፊኖኖ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጥ፣ መምህራን ያሉት፣ የጽሕፈት ሥርዓት ያበጀ ቋንቋ ነው፤ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲም በከተማው አለ። የዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች ከባንኮቹ ቅርንጫፎችና ከዞኑ መስተዳድር ጋር ሆነው የእነዚህን መልእክቶች የካፊኖኖና የአማርኛ ቃል ቢያዘጋጁ፣ ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት እያነበቡ ቢፈትኑትና ያልተረዱትን እስኪረዱት ድረስ ቢያርሙት፣ ለመላው አገር የሚተርፍ ሥራ ይሆናል። ፈተናውም ቀላል ነው፤ መልእክቱን የሰማ ሰው ገንዘቡ ስንት እንደ ሆነ፣ ለማን እንደሚሄድና ቁጥሩን የት እንደሚጽፍ በራሱ ቃል መልሶ ከተናገረ መልእክቱ አልፏል፤ ካልተናገረ የወደቀው መልእክቱ ነው፣ ሰውየው አይደለም።

እስከዚያው ድረስ አንባቢው ለራሱና ለቤተሰቡ ሊይዘው የሚገባ አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም ቁጥር ከመስጠት አስቀድሞ ክፍያውን የጀመረው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። ክፍያውን የጀመርኩት እኔ ከሆንኩ የደረሰኝን ቁጥር እኔው ራሴ በጀመርኩበት ቅጽ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ሌላ ሰው ደውሎ የጀመረው ከሆነ ግን፣ ድምፁ ምንም ያህል ትሑት፣ ስሙም ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ ከእኔ የሚያገኘው ቁጥር የለም።

ይህ ሕግ ግን ለተቋማቱ ማምለጫ እንዲሆን አልተጻፈም። መንግሥት ነዳጁንም፣ ክፍያውንም፣ መታወቂያውንም በስልክ እንዲሆን ካዘዘ፣ ለታዘዘው ሰው ግልጥ ቃል የመስጠት ዕዳ ወድቆበታል፤ ባንኩም የሕዝብን ገንዘብ ተቀብሎ ሲያኖር፣ የሚያኖርበትን ቁልፍ ባለቤቱ በሚያውቀው ቋንቋ ሊያስረዳው ይገባል። በከፋ ደን ጥላ ሥር ቡናውን ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ሸክፎ ለገበያ ያቀረበ ሰው የድካሙ ዋጋ ወደ እጁ የሚገባው በስድስት አኃዝ ከሆነ፣ የእነዚያን ስድስት አኃዞች ትርጓሜ ከላኪው የመስማት መብቱ ከገንዘቡ የባለቤትነት መብት የሚለይ አይደለም፤ ይህንም መብት በመመሪያ አጽንቶ ማስከበር የብሔራዊ ባንኩ፣ በእያንዳንዱ መልእክት መፈጸም ደግሞ የላኪዎቹ ሁሉ ግዴታ ነው።